«ደህና ናት» ያልኩባት ሐሙስ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ አንደበቷ የሚታሰር ሴት አይደለሁም። ኮምቦልቻ ሳለሁ ሰፈርተኛው «የመዲና ልጅ ሉባባ ለአፏ ለከት የላትም» ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ሚኒሶታ ከገባሁ ወዲህም ከአከራይ ጋር ተሟግቻለሁ፣ መካኒክ አፋጥጫለሁ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ የመኪና ቅጣት አሰርዣለሁ። ታዲያ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ መናገር ግድ በሆነብኝ ሰዓት፣ የልቤን ትቼ ሌላ ተናገርኩ። ነገሩ አጭር የስልክ ወሬ ነበር። ያችን ስልክ ግን ዛሬም ድረስ ዘግቼ አልጨረስኳትም።

ጊዜው ሁለት ሺዎቹ ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። የእጅ ስልክ ገና እየታጠፈ ኪስ የሚገባበት ዘመን። እኔ ሆፕኪንስ የምትባል ከተማ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ እኖራለሁ፣ ሥራዬ ወንዙን ተሻግሮ ኢገን የሚባል ከተማ ነው። የሕክምና ዕቃ የሚታሸግበት ፋብሪካ ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ፀጉራችንን ሸፍነን፣ ቱቦና መርፌ በላስቲክ እንከታለን። ባል አግብቼ ነበር፣ አልተስማማንም፣ ፈታሁት፤ እሱን እዚህ አላነሳውም። ዜግነት ያገኘሁ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ እናቴን ለማምጣት ማመልከት ሆነ።

እማ መጣች። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳትችል በሁለት ወር ውስጥ ፎቁን ሁሉ ተዋወቀች። ፖስታ አመላላሹን «እንደምን ዋልክ» ትለዋለች፣ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ የራሱን ይመልስላታል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወርዳ ከሜክሲኳዊቷ ጎረቤት ጋር አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘው ያጥፋሉ። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የፎቁን ወሬ ሁሉ ትነግረኛለች። በምን ቋንቋ እንደሰማችው አላህ ይወቅ።

ከሁሉም በላይ የወደደቻት አያንቱን ነው። አያንቱ የወለጋ ልጅ ናት፣ ጴንጤ፣ ከእኛ በር ትይዩ የምትኖር። የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። አማርኛዋ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፤ እማ «የአንቺ አማርኛ ደስ ይለኛል፣ አይቸኩልም» ትላት ነበር። ጧት ከሥራ ስትመለስ እኛ ቤት ጎራ ብላ ሻይ ሳትጠጣ አትተኛም።

እማ በመጣች ሰሞን፣ ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንሄድ፣ በመስኮቱ በረዶውን እያየች አንድ ነገር ብላ አሳቀችኝ። «ልጄ፣ ሞት የትም አለ፤ እዚህ ቢያገኘኝ አልከፋም። ግን ነፍሴ ስትወጣ ከጎኔ ሁኚ። ሸሃዳዬን አንቺ አስይዢኝ። በሰው አገር ዝም ብዬ እንዳልሄድ።» ሰው ሲሞት ጆሮው ሥር «ላኢላሃ ኢለላህ» የሚልለት የራሱ ሰው እንዲኖር ነው የምትለው። «ኧረ እማ፣ ገና ሳትገቢ ስለ ሞት ታወሪያለሽ እንዴ!» ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ግን «እሺ በይኝ» አለች። እሺ አልኳት።

በሁለተኛው የበረዶ ክረምት ታመመች። ቆዳዋ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ ዘጋት። ሆስፒታል ወስጃት ከብዙ ምርመራ በኋላ ጉበቷ ላይ ካንሰር እንዳለና ጊዜው እንዳለፈ ነገሩኝ። ሐኪሙ ለእሷም ልንገራት አለ። እኔ ተቆጣሁ። እኛ ዘንድ ለታማሚ ፊት ለፊት «ትሞታለህ» አይባልም አልኩት። እሱም ጨዋ ሰው ነበር፣ በስልክ አስተርጓሚ አስመጥቶ እማን ጠየቃት፤ ስለ በሽታሽ ለአንቺ ልንገርሽ ወይስ ለልጅሽ? እማ ፈገግ ብላ «ለልጄ ንገሯት፣ እሷ ታውቅልኛለች» አለች። እፎይ አልኩ። አንዳችም አልጠረጠርኩም።

ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ሰይድ በየቀኑ ይደውላል። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ «አደራሽን፣ ፊቷ ላይ እንዳትናገሪ። ሰው በበሽታው ሳይሆን በወሬው ነው የሚሞተው።» እኔም ለእማ «ጉበትሽ ተቆጥቷል፣ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ይሠራል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን የምንተርተው እኛው፣ ሲመጣብን የምንደብቀውም እኛው ነን።

አሁን የሥራውን ነገር ልንገራችሁ፣ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

ፋብሪካችን የሚሠራው በፖይንት ነበር። ከቀረሽ ፖይንት ይያዝብሻል፣ ካረፈድሽም ይያዝብሻል፣ ሲሞላ ትባረሪያለሽ። እማን ሆስፒታል ሳመላልስ ፖይንቴ ሊሞላ አንዲት ቀረችው። ያኔ ነው የፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ሴትዮ ጠርታኝ የቤተሰብ ፈቃድ የሚባል የፌዴራል ሕግ እንዳለ ያስረዳችኝ። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወይም የትዳር ጓደኛ በጽኑ ሲታመም አሥራ ሁለት ሳምንት መቅረት ይቻላል፣ ሥራሽም ይጠበቅልሻል። ሐኪም ይፈርምበታል። ከፈለግሽ በአንድ ጊዜ፣ ከፈለግሽ ቆራርጠሽ ትወስጂዋለሽ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ደመወዝ ግን የለውም» አለች።

እንግዲህ ሕጉ ወንበሬን ይጠብቅልኛል፣ ቤቴን ግን አይጠብቅልኝም። ብቻዬን ነኝ፤ እኔ ካልሠራሁ እማ የተኛችበት ክፍል ራሱ አይኖርም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ እቀራለሁ፣ ሌላውን እሠራለሁ፣ የቀረውን ፈቃድ ለመጨረሻው ሰሞን አስቀምጠዋለሁ። ሰው ቅቤ ለበዓል እንደሚያስቀምጥ እኔም ከእናቴ ጋር የምቀመጥበትን ቀን አስቀመጥኩ። እኔ ሥራ ስሆን አያንቱ ከሌሊት ሺፍቷ ተመልሳ ከእማ ጎን ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት፣ ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ እማን ካገላበጠች በኋላ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። እግሯ መቀዝቀዝ ጀምሯል አለች። «ቀናት ናቸው። ምናልባት ከዚያም ያነሰ። ማስታወቅ ያለብሽ ሰው ካለ አሁን አሳውቂ።» ነርሷ እንደሄደች ለሱፐርቫይዘሬ ደወልኩ። ሎሪ ትባላለች፣ ፀጉሯ ሽበታም፣ ድምጿ ትልቅ፣ ክፉ ሰው አይደለችም። አላነሳችም። ከነገ ጀምሮ ሙሉ ፈቃዴን መውሰድ እፈልጋለሁ፣ ደውይልኝ ብዬ መልእክት ተውኩ።

መልሳ የደወለችው እማን እያበጠርኳት ሳለሁ ነው። አልጋው ላይ ከኋላዋ ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደግፌያት ነበር። ክብደት የሚባል አልቀረላትም። ስልኩ ጮኸ፣ ከፍቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ የሎሪ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ሉባባ፣ መልእክትሽን ሰማሁ። እናትሽ እንዴት ናት? ብሶባታል?»

እማ አንገቷን ዘወር አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንግሊዝኛ አትችልም አልኩ እንጂ የምታውቃቸው ቃላት ነበሩ። «ማዘር» ታውቃለች፣ «ሲክ» ታውቃለች፣ «ጉድ» እና «ባድ» ታውቃለች፣ «ወርክ» እና «ቱሞሮው» ደግሞ ከእኔ አፍ ለምዳለች። ከቴሌቪዥን ደግሞ «ዳይ» የምትለዋን ለይታ ይዛለች፤ ድራማ ላይ ስትሰማ «ይኸው ገደሉት» ትል ነበር። ተነስቼ ልውጣ ብል ደረቴ ላይ ተደግፋለች። ልተወው ብል ፊቷ ፊቴ ላይ ነው።

«ደህና ናት» አልኩ። «ሺ ኢዝ ጉድ፣ ታንክ ጋድ። በጣም ተሽሏታል።»

ስል ራሴም ሰማሁት። እኛ ሰው እንዴት ናት ሲለን ከአፋችን የሚወጣው ይኸው አይደል? ቤቱ እየተቃጠለበት እንኳ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» የሚል ሕዝብ ነን። እኔ ለእማ ጆሮ ነው የተናገርኩት። ሎሪ ግን በሌላው ጫፍ የሰማችው የሠራተኛዋን ቃል ነው።

«ኦ፣ ደስ ይላል!» አለች። መልእክቱን ስሰማ ደንግጬ ነበር አለች። እንደዚያ ከሆነ ነገ ሰው ጎድሎብናል፣ ትገቢያለሽ ብዬ ልቁጠር ወይ ብላ ጠየቀች። እማ አሁንም እያየችኝ ነው። «ኦኬ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ምን አለች?» አለች እማ።

«ሰላም በያት አለችኝ። እንኳን ተሻላት አለች።»

«ወአለይኩም ሰላም በያት» አለችና ወደ ፊት ዞረች። ማበጠሬን ቀጠልኩ። 

እንቅልፍ እንደወሰዳት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ፣ ደወልኩ። ሎሪ ወጥታለች። የመቅረት ማስታወቂያው መስመር ላይ ደወልኩ፣ የሚመልሰው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፣ ቁጥር ተጫኚ ይላል፤ ተጫንኩ፣ ተናገርኩ። ግን አላመንኩትም። ከዚያ በፊት አንዴ እዚያው ላይ መልእክት ትቼ «አልደረሰንም» ብለው ፖይንት ይዘውብኛል። ደግሞ በአፌ እመጣለሁ ብያለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጥቼ እሠራለሁ ብዬ ከቀረሁ፣ ያችን የቀረችኝን ፖይንት ወስደው ያሰናብቱኛል፤ ሥራው ሲሄድ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ሌሊቱን ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

ዓርብ ጧት እማ ተሽሏት ተነሳች። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ድምጿ ተመለሰ። «አጥሚት የለም?» አለችኝ። ከሦስት ቀን በላይ ውኃ እንኳ በግድ ነበር የምትውጠው። ሮጬ አሞቅኩላት። ማንኪያውን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ጠጣች፣ ግማሹን ጨረሰች። «ይኸው» አለች አፏን እየጠረገች፣ «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሥራሽ አይረፍድብሽም?»

ልቤ ተከፈለ። ነርሷ ቀናት ናቸው ብላለች፤ እማ ግን አጥሚት እየጠጣች ነው። ምናልባት አላህ ጨምሮላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የሐበሻ ነገር ፊት ለፊት ነው፤ ሄጄ ሎሪን ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ከአልጋዋ አልነሳም። አያንቱ ገና ከሌሊት ሥራዋ መግባቷ ነበር፣ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። «ቶሎ እመጣለሁ» አልኳት። እሷ ወደ እማ አየች፣ እማ ወደ እሷ አየች። «ሂጂ» አለችኝ አያንቱ።

ግንባሯን ሳምኳት። «አላህ ያበርታሽ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ «በሰላም ግቢ» ነበር የምትለው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ኢገን ስደርስ ሎሪ የለችም። ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። በፋብሪካው ደንብ ስልክ ከጋውን በፊት ሎከር ውስጥ ይቆለፋል፤ ንጹሕ ክፍል ነው፣ ምንም ይዞ መግባት አይቻልም። እስክትመጣ መስመሩ ላይ ቁሚ አሉኝ። ቆምኩ። ቱቦ እያነሳሁ ላስቲክ ውስጥ እከታለሁ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ልውጣ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የማን እናት እንደሆነች ለማላውቃት ታማሚ ዕቃ ሳሽግ የእኔዋ ያለ እኔ ተኝታለች።

ሎሪ በመስታወቱ ስታልፍ አየኋት። ጓንቴን ሳላወልቅ ሮጥኩ።

«ሎሪ፣ እናቴ እየሞተች ነው» አልኳት።

ቆመች። «ምን ማለትሽ ነው? ትናንት ተሽሏታል አልሽኝ እኮ።»

«ትናንት አጠገቤ ነበረች። እየሰማችኝ ነበር።»

ሴትዮዋ አልገባትም። እንዴት ይግባት? እናቷ ብትታመምባት ሐኪሙ ለራሷ ለእናቷ ይነግራታል። «ሉባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መልእክትሽን ስሰማ ላስፈቅድልሽ ነበር እኮ። ሲሻላት ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።» ፊቷ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ጋውኔን በገዛ እጇ ከላዬ ፈታችና «ሂጂ፣ ስለ ምንም አታስቢ፣ ሂጂ» አለችኝ። ያች ሴት ጠላቴ ብትሆን ደግ ነበር፤ የምወቅሰው ሰው ባገኘሁ።

ሎከሬን ስከፍት ስልኩ የአያንቱን ጥሪ ደርድሮ ጠበቀኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩ። አነሳች።

«እማ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለችኝ። «አብሽሪ። ቀስ ብለሽ ንጂ፣ መንገዱ ያንሸራትታል።»

አወቅኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ለሚነዳ ሰው። ቀስ ብለሽ ነይ ከተባለ የሚያስቸኩል ነገር አልቀረም ማለት ነው። እኔ ለሎሪ ያልኩትን አያንቱ ለእኔ አለችኝ። መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። የማስታውሰው ድልድዩን ስሻገር ወንዙ ላይ በረዶው ተሰነጣጥቆ ውኃው ጥቁር ሆኖ መታየቱን ብቻ ነው።

እማ በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኗ ተከድኗል፣ አገጯ በነጠላ ታስሯል፣ እጆቿ ተስተካክለዋል። አያንቱ ሥራዋ ነው፣ ታውቅበታለች። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። «ሸሃዳ ሳትይዝ!» ብዬ ጮህኩ። «ብቻዋን! ብቻዋን ሄደች!»

አያንቱ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ክንዴን ያዘችኝ። «ይዛለች» አለች። «እኔ ነኝ ያስያዝኳት።»

ምን ትላለች ብዬ አየኋት።

«አስተምራኛለች» አለች። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቃሉን አስጠናችኝ። ስሳሳት ትቆጣኝ ነበር። ‹ልጄ ካልደረሰች አንቺ ጆሮዬ ሥር በይልኝ፣ እኔ እከተልሻለሁ› አለችኝ። አልኩላት። ተከተለችኝ። አልጨረሰችውም፣ ግን ተከተለችኝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከሆስፒታሉ ጀምሮ ታውቃለች፣ ሉባባ። ‹እንደማውቅ ካወቀች ልጄ ትሰበራለች፣ እንዳትነግሪያት› ብላ አስምላኛለች።»

ጴንጤዋ አያንቱ፣ የእናቴን ሸሃዳ። ወሎ ቢሆን አይደንቅም ነበር፣ እኛ እንዲህ ነን፤ ወለጋ ተወልዳ ሆፕኪንስ ላይ ስታደርገው ግን ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፋኝ። ዛሬም አላመሰገንኳትም፣ ቃል አይበቃውም። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ልትለው እየፈለገች ታመነታለች። ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ።

ሐሙስ ማታ አያንቱ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ጎራ ስትል እማ ነቅታ ነበር፤ እኔ ያኔ መታጠቢያ ቤት ውኃ ከፍቼ ስልክ ላይ ነኝ። «ልጄ በእኔ ምክንያት ዋሸች» አለቻት። «ደህና ናት ብላ ነገ ሥራ ልትገባ ሆነ። አሁን ብብስባት ትቀራለች፣ ከቀረች እንጀራዋን ያሳጧታል። ስለዚህ ነገ ደህና እሆንላታለሁ።»

አጥሚቱን የጠጣችው ለዚያ ነው። በሬን ዘግቼ እንደወጣሁ ሁሉንም አስመለሰችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፣ ሸሃዳዋን እስክትይዝ ድረስ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ እንዳትሰበር ብዬ ዋሸሁላት፤ እሷ እንዳልሰበር ብላ ተሻላት። ሁለታችንም በየፊናችን ስንተዛዘን፣ አብረን ልንቀመጥበት ያስቀመጥኩት ፈቃድ ሳይነካ ቀረ። ሰይድ በስልክ እያለቀሰ «እንኳን አልነገርሻት» ሲለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቅ ወንድሜ ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማወራችሁ ያለ ነገር አይደለም። አሁን ሚኒሶታ ስቴቱ ራሱ የሚከፍልበት ፈቃድ ጀምሯል፤ እኛ ሰፈር «ፔይድ ሊቭ» እንለዋለን። ከደመወዛችን ጥቂት ይቆረጣል፣ አሠሪም ድርሻውን ያዋጣል፤ ሰው ሲታመም፣ ወይም ሲወልድ፣ ወይም የታመመ ቤተሰብ ሲያስታምም፣ ሥራ ላይ ቢሆን ከሚያገኘው ከፊሉን ስቴቱ ይከፍለዋል። ማመልከቻው የሚገባው ለስቴቱ ነው፣ ለአለቃ ግን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሐኪም ሕመሙ ጽኑ መሆኑን ይመሰክራል። ቤተሰብ የሚባለውም ሰፍቷል፤ እህት፣ ወንድም፣ አያት አለበት፣ የሥጋ ዘመድ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ የምትንከባከቡትም ሰው ጭምር። ዛሬ ቢሆን አያንቱ ራሷ ለእማ ብላ ፈቃድ መጠየቅ በቻለች። እኔም ቀኔን እየሰሰትኩ ለመጨረሻው ባላስቀመጥኩ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ። ያኔ የት ነበራችሁ ብዬ ሬዲዮኑን ሰደብኩት። ከዚያ ተረጋጋሁና አሰብኩ፤ ጥፋቱ የሕጉ ብቻ አልነበረም፣ የእኔም ነበር። ሕጉ ደመወዝ ይከፍላል፣ እኛን ወክሎ ግን አይናገርም። ስለዚህ እናንተ ወገኖቼ፣ ስትጠየቁ እንደ ሰላምታ አትመልሱ። አለቃ ወይም ሐኪም «እንዴት ናት?» ሲላችሁ የሚጠይቀው የእግዜር ሰላምታ አይደለም፤ በቃላችሁ ላይ ተመሥርቶ ነገ ሥራ ያስገባችኋል፣ ወይም ቤት ያስቀራችኋል። በሽታውን በስሙ ጥሩት። ታማሚው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ቆይ መልሼ ልደውል ማለት ነውር አይደለም። ይህን የሚለኝ አንድ ሰው ያኔ በነበረኝ።

አሁን መስጊድም ይሁን ኮሚኒቲ ሰው ሲጠይቀኝ አብሬ ቁጭ ብዬ የፈቃዱን ማመልከቻ አስሞላለሁ። በቅርቡ ብሩክሊን ሴንተር ከተማ አንዲት እህት ቤት ሄድኩ። ባሏ በጽኑ ታሟል፣ መኝታ ቤት ተኝቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ለአለቃዋ እንድትደውል ነገርኳት። ደወለች። አለቃዋ ምን እንደጠየቃት ፊቷ ላይ አየሁት፤ ወደ በሩ ዞረች፣ አፏን ከፈተች፣ «ሂ ኢዝ...» አለችና እኔን አየችኝ። ስልኩን ከእጇ ወስጄ አፉን በመዳፌ ከደንኩት። «መጀመሪያ ለእሱ» አልኳት።

ተነስታ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ሰማሁ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታውቃለህ አይደል?» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት። «አንቺን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሁለቱም ሲያለቅሱ ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አለቃዋ አሁንም መስመሩ ላይ ነበር፤ «ይጠብቁ፣ ትመጣለች» አልኩት። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ሁለት ቃል ናት እኮ። «ታውቂያለሽ አይደል፣ እማ?» ብዬ፣ ያች ሐሙስ ፀጉሯን ሳበጥር፣ ደረቴ ላይ ተደግፋ ሳለች፣ አንዴ ብጠይቃት ኖሮ።